በብሪታንያ ለጂፒ ስፔሻሊቲ ሥልጠና ማመልከት

በኢትዮጵያ «ጂፒ» ሲባል የሕክምና ትምህርቱንና ኢንተርንሺፑን ጨርሶ ገና ሬዚደንሲ ያልገባ ጠቅላላ ሐኪም ማለት ነው። በብሪታንያ ግን ጂፒነት ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ ሲሆን፣ ሐኪም ከሆኑ በኋላ 3 ዓመት ይሠለጥኑበታል፤ ከእኛ አገር የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2013 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የቤተሰብ ሕክምና ሬዚደንሲ ነው። ነዋሪው በየሠፈሩ ባለ የጂፒ ክሊኒክ ይመዘገባል፤ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ወደ ሆስፒታል ስፔሻሊስት የሚደርሰውም በአብዛኛው ጂፒው ሪፈር ሲጽፍለት ነው። ስለዚህ በአገሩ ለዓመታት በጂፒነት የሠራ ሐኪም እንኳ በብሪታንያ በዚያው ስም ለመሥራት እንደ ማንኛውም ሬዚደንት ተወዳድሮ መግባት ይጠበቅበታል።

አመልካቹ በመጀመሪያ ጂኤምሲ በሚባለው የሐኪሞች ተቆጣጣሪ ምክር ቤት ሙሉ ምዝገባ ሊኖረው ይገባል። በብሪታንያ የተመረቁት ይህን የሚያገኙት ከምረቃ በኋላ ሐኪሞች የሚወስዱትን የ2 ዓመት የፋውንዴሽን ሥልጠና ሲጀምሩ ሳይሆን የመጀመሪያውን ዓመት ሲያጠናቅቁ ነው። ከውጭ የሚመጡት አብዛኞቹ ፕላብ የተባለውን ባለ ሁለት ክፍል ፈተና ያልፋሉ፤ አንደኛው 180 የምርጫ ጥያቄ ያለው የጽሑፍ ፈተና ሲሆን፣ ሁለተኛው ማንችስተር ላይ ታማሚ መስለው በሚቀርቡ ተዋንያን ፊት የሚሰጥ የተግባር ፈተና ነው።

ፋውንዴሽኑን በብሪታንያ ያልሠሩ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚቸገሩት ግን ክሬስት በተባለው ቅጽ ነው። ቅጹ አመልካቹ የሁለተኛ ዓመት የፋውንዴሽን ሐኪም ደረጃ ላይ መድረሱን የሚመሰክር ሲሆን፣ የሚፈርመው ቢያንስ ለ3 ተከታታይ ወራት አብሮት የሠራ ስፔሻሊስት ነው፤ ሥራውም ሥልጠናው ከሚጀመርበት ቀን በፊት ባሉት 3 ዓመት ተኩል ውስጥ የተሠራ መሆን አለበት። ፈራሚው ብሪታንያ ውስጥ እንዲሆን አይጠየቅም፤ ኢትዮጵያ ያለ ሲኒየርም የሙያ ምዝገባውን ማስረጃ አያይዞ ሊፈርም ይችላል። ከተዘረዘሩት ችሎታዎች አንዱ እንኳ ሳይመሰከርለት የቀረ ቅጽ ግን አመልካቹን ከውድድር ያስወጣዋል፤ ሲኒየሩን ቀደም ብሎ ቁጭ አድርጎ ቅጹን አብሮ ማንበብ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ማመልከቻው የሚገባው ኦሪየል በተባለው ብሔራዊ ድረ ገጽ ነው። ኦገስት ላይ ለሚጀመረው ሥልጠና ምዝገባው የሚከፈተው ከዚያ በፊት ባለው ዓመት መጨረሻ ሲሆን፣ ኤምኤስአርኤ የተባለው የኮምፒዩተር ፈተና ተከትሎ ይሰጣል። ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ቃለ መጠይቁ በመቅረቱ፣ አመልካቾች የሚለዩት በዚህ ፈተና ውጤት ብቻ ነው። አንዱ ክፍል በ75 ደቂቃ 97 ክሊኒካዊ ጥያቄዎች የሚመለሱበት ሲሆን፣ ሌላው በ95 ደቂቃ 50 የሥራ ላይ አጣብቂኞችን ያቀርባል። ለምሳሌ ከሌሊት ተረኝነት የሚቀበልህ ባልደረባ በየቀኑ ቢያረፍድ፣ ለብቻው ማናገርን፣ ለኃላፊው መንገርን፣ ዝም ማለትንና የመሳሰሉትን ከተሻለው ወደ ባሰው በቅደም ተከተል አስቀምጥ ይላል። ሲኒየርን ማክበር ዝም ማለት እንደሆነ ተምሮ ላደገ ሐኪም የሚከብደው ይኸኛው ክፍል ነው፤ መልሱ የሚመዘነው በጂኤምሲ የሥነ ምግባር መመሪያ ስለሆነ የበሽታ ዕውቀት ብዙም አያግዝም።

ተፈታኙ የሚፈልጋቸውን አካባቢዎች በምርጫው ቅደም ተከተል ይሞላል። ምደባ ሲደርሰው መልስ ለመስጠት ያለው ጊዜ 48 ሰዓት ነው፤ መቀበል፣ መተው ወይም የተሻለ ምርጫው እስኪለቀቅ ይዞ መቆየት ይችላል። ፉክክሩ የጠነከረው እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ሲሆን፣ ያኔ ሐኪምነት በሙሉ በአገሪቱ የቪዛ ደንብ የባለሙያ እጥረት ያለባቸው ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ የውጭ ተመራቂዎች በመጀመሪያው ዙር በእኩል እንዲወዳደሩ በር ተከፈተ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው የአሥር ዓመት የጤና ዕቅድ ደግሞ ለአገሪቱ ተመራቂዎች ቅድሚያ እንደሚሰጥ ስላስታወቀ፣ ከአዲስ አበባም ሆነ ከጎንደር የሚያመለክት ሐኪም ያለፈውን ዓመት ልምድ ሳይሆን የዓመቱን መመሪያ ማንበብ ይኖርበታል።

የገባው ሠልጣኝ ጊዜውን በሆስፒታል ክፍሎችና በጂፒ ክሊኒክ ከፋፍሎ ይሠራል፤ የጽሑፍ ፈተናም ይወስዳል። በተግባር ፈተናው ታካሚ መስለው የሚቀርቡ 12 ሰዎችን፣ እያንዳንዳቸውን ለ12 ደቂቃ፣ በቪዲዮ ወይም በስልክ ያነጋግራል። እነዚህንና የሥራ ላይ ምዘናውን ሲያልፍ ስሙ በጂኤምሲ የጂፒዎች መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ከዚያ በኋላ በደመወዝ ሊቀጠር፣ የክሊኒክ ሸሪክ ሊሆን ወይም በየቀኑ ክፍያ ተተክቶ ሊሠራ ይችላል።