ዝናቡ የት ዘነበ?

ሰኔ በገባ ቁጥር አባቴ ይደውላል። የወሎ ገበሬ ነው። ሰላምታው ሳያልቅ «እናንተ ዘንድ ጣለ ወይ?» ይለኛል። አዲስ አበባ ለሚኖር ደመወዝተኛ ዝናብ ማለት ጭቃና የታክሲ ሰልፍ ነው። ለእሱ ግን የዓመቱ እንጀራ ነው።

ዘዳግም 11ን ሳነብ ይህ ጥያቄው ትዝ ይለኛል። ሙሴ ሕዝቡ ስለሚወርሷት ምድር ሲናገር እንደ ግብፅ አይደለችም ይላቸዋል። በግብፅ ዘርተው እንደ አትክልት ቦታ በእግራቸው ያጠጡ ነበር። ወንዙ አለ፤ ወደ ሰማይ ማንጋጠጥ አያስፈልግም። ከነዓን ግን ኮረብታና ሸለቆ ናት፤ የምትጠጣው ዝናብ ነው። ሙሴ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጠረውም። እንዲያውም የእግዚአብሔር ዓይን ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው በእርሷ ላይ ነው ብሎ ቀጠለ።

ወገኖቼ፣ ይህ በጣም ይገርመኛል። ውኃው በእጅ የነበረው በባርነት ምድር ነው። እግዚአብሔር ልጆቹን ነፃ ሲያወጣ የወሰዳቸው በየዓመቱ ቀና ብለው ወደሚያዩት ቦታ ነው።

ደግሞስ የግብፅ ወንዝ ከየት መጣ? ይህ እኛ ኢትዮጵያውያንን ሊጠፋን አይገባም። አስዋን ከሚደርሰው የዓባይ ውኃ 85 በመቶ ያህሉ ከእኛ ደጋ የወረደ የክረምት ዝናብ ነው። በሕዝቅኤል 29 ፈርዖን «ወንዙ የእኔ ነው» ይላል። ዝናቡ የወረደበትን ተራራ ግን አላየም።

የእኛም ደመወዝ እንደዚያ ነው። ወሩ ሲያልቅ ስልካችን ጢን ይላል፤ ብሩ ገብቷል። ወንዙን እናያለን፤ ዝናቡን አናይም። በጤና ያነጋን ማን ነው? ያ ሥራ ሲገኝ በሩን የከፈተው ማን ነበር? ቀጠሮ ስንይዝ «እግዚአብሔር ካለ» እንላለን፤ መልካም ልማድ ነው። እኔ ግን ስንት ጊዜ ነገሩን በልቤ ጨርሼ በአፌ ብቻ ብያለሁ! ያዕቆብ «ጌታ ቢፈቅድ» በሉ ሲለን የሰላምታ ማሳመሪያ አልሰጠንም። ነገን ራሱን ከእጃችን አውጥተን እንድናስረክብ ነው።

እግዚአብሔርን መደገፍ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የሚመስለው ካለ ገበሬን ይይ። አባቴ ለጤፍ የሚሆነውን ማሳ ሦስት አራት ጊዜ ያርሳል። ካረሰ በኋላ ግን ደመና መሥራት እንደማይችል ያውቃል። እኛ ከተሜዎች ብዙ ጊዜ የምንደክመው በማረሱ አይደለም፤ ደመና ለመሥራት ስንሞክር ነው። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳን እሱ ነው።

ዝናብ የሚቀርበት ዓመትም አለ። አባቴ የ1977ቱን ድርቅ አይቷል፤ ስለዚህ «እመን እንጂ ሁሉ ይሞላልሃል» የሚል ቀላል ስብከት አይነግረኝም። ዕንባቆምም በለስ ባታፈራ፣ እርሻዎች መብልን ባይሰጡ እንኳ በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል ያለው ጎተራው ሞልቶ አይደለም። አባቴ ከዚያ ዓመት በኋላም ዘር ይዞ ወደ ማሳው ወጥቷል። በየዓመቱም ይወጣል።

ዘንድሮ ሰኔ ሲገባ እሱ እስኪደውል አልጠበቅሁም። ደመወዝ የገባ ዕለት ማታ ጸልዬ ስልኩን አነሳሁ። «አባዬ፣ እናንተ ዘንድ ጣለ ወይ?»