የሚነቀል ጣውላ ያለው ዛይሎፎን ምንድን ነው?

ዛይሎፎን ከረጅም ወደ አጭር የተደረደሩ ጣውላዎች ያሉት፣ በሁለት መምቻ የሚመታ መሣሪያ ነው። እንደ ከበሮ ይመታ እንጂ እያንዳንዱ ጣውላ የየራሱ ድምፅ ስላለው ዜማ ይወጣዋል። ለልጆች ትምህርት የሚሠራው ደግሞ ጣውላዎቹ አንድ በአንድ ተነስተው ይመለሳሉ። ይህ ዓይነቱ መሣሪያ የተለመደው ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ካርል ኦርፍ እ.ኤ.አ. በ1924 ሙኒክ ውስጥ ከዶሮቴ ጉንተር ጋር በመሠረተው ትምህርት ቤት አማካይነት ነው።

ጣውላ መንቀል ለምን አስፈለገ? ልጅ ኖታ ማንበብ የሚያቅተው አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱ ከብዶት አይደለም። ዓይኑን ከወረቀቱ ነቅሎ ከብዙ ጣውላዎች መሃል አንዱን ሲፈልግ ያነበበበት ቦታ ይጠፋዋል። ስለዚህ ከሰባቱ የድምፅ ስሞች (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ) መጀመሪያ የሶልና የሚ ጣውላዎች ብቻ ይቀራሉ፤ ሌላው ሁሉ ይነሳል። በኖታው ላይ ሶል ከታች ሁለተኛው መስመር ላይ፣ ሚ አንደኛው መስመር ላይ ይቀመጣሉ። ሁለቱን አይቶ ሳይሳሳት ሲመታ ላ ይጨመራል፤ ቀጥሎ ሬ፣ በመጨረሻ ዶ። ድሬዳዋ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ተናጋሪ ልጆች አንድ ክፍል ሲማሩ ይህ አካሄድ በጣም ይረዳል፤ «ሶል፣ ሚ» ለሁሉም እኩል አዲስ ነው።

ከመምታት በፊት ምቱ በጭብጨባ ይጠና፤ ረጅሙ «ታ»፣ አጫጭሮቹ «ቲ-ቲ» እየተባሉ። ከዚያ ስሙን እየዘመሩ ማንበብ፣ ከዚያ መምታት። ለሁለት ልጅ አንድ ዛይሎፎን ይበቃል፦ አንዱ ሲመታ ሌላው በጣቱ ኖታውን ይከተላል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። በየኖታው ሥር «ሶል፣ ሚ» ብሎ መጻፍ ግን ትምህርቱን ያበላሻል፤ ልጁ ፊደሉን አንብቦ ያልፋል እንጂ መስመሩን አያየውም።

መምቻው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ይያዛል፤ መዳፍ ወደ መሬት ያያል፤ ሁለቱ እጆች ይፈራረቃሉ። ጣውላው መሃሉ ላይ ተመትቶ መምቻው ወዲያው መነሳት አለበት፤ ተጭኖ ከቀረ ድምፁ ይታፈናል። ጣውላው ያረፈበት ቦታ ከየጫፉ የርዝመቱ 22 በመቶ ገደማ ላይ ነው (30 ሳንቲሜትር ከሆነ 6.7 ሳንቲሜትር ያህል)። እዚያ ላይ ጣውላው ስለማይርገበገብ እዚያው ላይ የሚመታ ልጅ ደረቅ ኳኳታ ብቻ ይሰማል።

ሲነቀልም በሁለት እጅ፣ ከሁለቱም ጫፍ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው። በአንድ በኩል ከተፈለቀቀ መያዣው ሚስማር ይጣመማል፤ ከዚያ ወዲያ ጣውላው ይንቀጫቀጫል። የድሬ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የዋለ ጣውላ ደግሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ጥላ ውስጥ፣ ከአቧራ ተሸፍኖ ይቀመጥ።

ለእኛ ልጆች ትልቁ ጥቅም ቅኝት ላይ ነው። ፋ እና ሲ ከተነሱ የሚቀሩት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው፤ ይኼ ራሱ ትዝታ ሜጀር ነው። ልጁ እንደፈለገ ቢመታ ከቅኝቱ አይወጣም፤ በቤቱ የሚሰማው ዜማ ከእጁ ሲወጣ ይሰማል። ሬና ላ ተነስተው ከዶ ሲጀመር ባቲ ሜጀር ይመጣል። ሬና ሶል ሲነሱ ከሚ ቢጀመር አምባሰል፣ እነዚያኑ ጣውላዎች ይዞ ከላ ቢጀመር ትዝታ ማይነር ይሆናል። ይህን ለትልልቆቹ ልጆች ማሳየት ተገቢ ነው፦ ጣውላው ሳይቀየር መነሻው ሲቀየር ቅኝቱ ይለወጣል። አንቺሆዬ ብቻ አይወጣም፤ ያለ ግማሽ ድምፅ (በሁለት ጎረቤት ጣውላዎች ድምፅ መሃል የሚገባ ድምፅ) ተጨማሪ ጣውላ አይሟላም።

ገበያ ላይ የሚገኘው ባለ ስምንት ቀለም የብረት መጫወቻ ብዙ ጊዜ ድምፁ የተዛባ ነው። ከመግዛት በፊት በስልክ የቅኝት መለኪያ (ቱነር) ታችኛውን ዶና ላይኛውን ዶ ይሞክሩ፤ ካልገጠሙ ለምት እንጂ ለዜማ አይሆንም። አናጺ ቢያሠሩ ይሻላል፦ ውፍረቱ እኩል ከሆነ የታችኛው ዶ 30 ሳንቲሜትር ሲሆን የላይኛው 21 ገደማ ይሆናል። ድምፁ ከወረደ ጫፉ ይሞረዳል፤ ከወጣ ከሥር መሃሉ በጥቂቱ ይፋቃል፤ በየፍቂያው መለካት ግድ ነው።