ከድሬዳዋ ባህር ማዶ፦ ሞተርሳይክልን በፌሪ ድንበር ማሻገር

ሞተሩን እየነዱ ፌሪ (ሰውና ተሽከርካሪ የሚያሻግር መርከብ) ሆድ ውስጥ ይገባሉ፣ ባህሩ ያልፋል፣ በሌላ አገር ወደብ እየነዱ ይወጣሉ። ነገሩ ባጭሩ ይሄ ነው። ለድሬ ሰው የሩቅ ወሬ ይምሰል እንጂ ከተማዋ ራሷ የወደብ ልጅ ናት። የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ሲደርስባት ነው። ከዚያ በፊት የሐረር ቡና በግመል ወደ ሶማሌ ጠረፏ ዘይላ ወርዶ በጀልባ ወደ የመኗ ኤደን ይሻገር ነበር።

ከድሬዳዋ በሽንሌ፣ በአዲጋላና በአይሻ አድርጎ ደወሌ ድንበር ድረስ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ1,200 ሜትር ከፍታ ወደ ባህር ጠለል ስለሚወርዱ ሙቀቱ እየባሰ ነው የሚሄደው። ውሃ በደንብ ይያዝ።

ጅቡቲ ደርሶ ፌሪ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ታጁራና ኦቦክ ነው። ሞተር ይጭናል፤ ግን የታጁራን ባሕረ ሰላጤ እንጂ ድንበር አያቋርጥም። የመን ከዚያ ሩቅ አይደለም፣ ባብ ኤል መንደብ በጠባቡ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የ2007ቱ ጦርነት ሳይመጣ በፊት ከሩቅ አገር የመጡ ሞተረኞች ከብት በሚጭኑ ጀልባዎች ወደ ሞካ ይሻገሩ ነበር። ዛሬ ያንን መንገድ ለማንም አልመክርም።

በሰሜን በኩል ታዋቂው መስመር ከሱዳኗ ዋዲ ሃልፋ በናስር ሐይቅ ላይ ወደ ግብጿ አስዋን ነበር። ሰው በመርከብ፣ ተሽከርካሪ ደግሞ ለብቻው በጭነት ታንኳ ይሄድ ነበር። ታንኳዋ ዘግይታ ስለምትደርስ ባለሞተሩ አስዋን ላይ ሻይ እየጠጣ ይጠብቅ ነበር። በ2006 ዓ.ም. የየብስ ኬላው ሲከፈት ግን ብዙው ሰው ሐይቁን ተወው። አሁን ደግሞ የሱዳን ጦርነት አለ።

ባህሩ ቀላሉ ክፍል ነው። ሰው የሚያለቅሰው በወረቀቱ ነው። ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ መንጃ ፈቃድና ሊብሬ የግድ ናቸው፤ ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ከሆነ ውክልና ይጨመራል። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር በአንዲት ፊደል ከተለያየ ጉምሩክ ላይ ቀኑ እዚያው ያልቃል። ለሦስተኛ ወገን መድን የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ አለ፤ ኢትዮጵያም ጅቡቲም አባል ናቸው። የክትባቱ ቢጫ ካርድ ሌላ ነው፣ አይምታታ።

ብዙ አገሮች ከዚህ በላይ ካርኔ ይጠይቃሉ። ካርኔ ተሽከርካሪው ቀረጥ ሳይከፈልበት ገብቶ ተመልሶ እንደሚወጣ ዋስትና የሚሰጥ ደብተር ነው። ለአንድ ዓመት ያገለግላል። እያንዳንዱ ገጽ ሦስት ክፍል አለው፦ አንዱ ሲገቡ፣ አንዱ ሲወጡ ይቀደዳል፣ ጉራጁ ማህተም ተመቶበት ደብተሩ ላይ ይቀራል። የመውጫ ማህተም ከሌለ ሞተሩ እዚያው እንደተሸጠ ተቆጥሮ ቀረጥ ሊጠየቅበት ይችላል። ፌሪ ላይ ይሄ ስህተት በቀላሉ ይፈጠራል። መርከቡ ሊነሳ ነው ሲባል ሁሉም ይሮጣል፣ ጉምሩኩ ቢሮ ይረሳል።

መጫኑ ላይ ራምፑ (የመርከቡ መወጣጫ) እርጥብና ዘይት የነካው ብረት ስለሆነ ቀስ ብሎ፣ ፍሬን ሳይዙ መውጣት ነው። ውስጥ ሞተሩ በጎን ማቆሚያው ቆሞ አንደኛ ማርሽ ውስጥ ይገባል። ከዚያ የፊት ሞላው ትንሽ እስኪጨመቅ ድረስ በማሰሪያ ቀበቶ ወደ ወለሉ ይሳባል። የመርከቡ ሠራተኞች ያስሩታል፤ ቢሆንም የራስን ቀበቶ መያዝና ራስ ማየት ይሻላል፣ ምክንያቱም አንዱ ሲወድቅ ጎኑ የቆመውንም ይዞ ይወርዳል። ቀበቶው መቀመጫውን እንዳይልጠው ጨርቅ ይደረግበታል። አላርም ካለው ይጠፋ፤ በማዕበሉ ሌሊቱን ሲጮህ ያድራል። ጉዞ ሲጀመር ወደ ተሽከርካሪው ወለል መመለስ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይፈቀድ ውሃ፣ ስልክና ወረቀት አስቀድሞ ይወሰዳል።

በጭነት መርከብ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ብዙ ጊዜ ቤንዚኑ ከታንከሩ እንዲወጣና ባትሪው እንዲነቀል ይጠየቃል፣ ትራንዚተርም ያስፈልጋል። ሲደርሱ ደግሞ ሰንሰለቱንና የኤሌክትሪክ ማገናኛዎቹን በንጹህ ውሃ አጥቦ ሰንሰለቱን ዘይት መቀባት ነው፤ የባህር ጨው ብረት ላይ ከዋለ ዝገቱ ለመምጣት አይቆይም።