የሴኔካ ማታ እና የጋልዮስ ችሎት

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን።

ሰሞኑን በቴሌግራሙም በቲክቶኩም የጥንት ፈላስፎች አባባል በዝቷል። «በእጅህ ባለው ላይ አተኩር፣ የቀረውን ተወው» ይላል ጽሑፉ፤ ከጀርባው ጺማም የድንጋይ ሐውልት አለ። ብዙ ወጣቶች ይህን የሚያነቡት ለጨዋታ አይደለም። ኑሮው ተወዶ፣ ሥራው አልጨበጥ ብሎ፣ ቀኑ በታክሲ ሰልፍ አልቆ ማታ አልጋ ላይ ጋደም ሲሉ «እኔ ግን ለምንድን ነው የምኖረው?» የሚል ጥያቄ ይመጣባቸዋል። ከጉባኤ በኋላም ጠጋ ብለው «አማኝ ሆኖ ፍልስፍና ማንበብ ነውር ነው እንዴ?» ብለው ይጠይቃሉ።

ነውር አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ አቴና ላይ ከኤፊቆሮስና ከኢስጦኢክ ፈላስፎች ጋር ሲነጋገር የራሳቸውን ባለቅኔ ጠቅሶላቸዋል (ሐዋ. 17)። ሰማዕቱ ዮስጢኖስም ክርስቲያን ከሆነ በኋላ የፈላስፋ ካባውን አላወለቀም። እኔን የሚያሳስበኝ ፍልስፍናው የት ድረስ ያደርሰናል የሚለው ነው። አንድ ሰው ልጥቀስና እንየው።

ሴኔካ የሮም ፈላስፋ ነበር። የሮሙን ቄሳር ኔሮንን ያስተማረ፣ በኋላም በዚያው በኔሮን ትእዛዝ በ65 እ.ኤ.አ. ራሱን እንዲያጠፋ የተገደደ ሰው ነው። ስለ ቁጣ በጻፈው መጽሐፍ የማታ ልማዱን ይነግረናል። መብራቱ ይወሰዳል። ሚስቱ ልማዱን ስለምታውቅ ዝም ትላለች። እሱ ውሎውን አንድ በአንድ ይመረምራል፤ ከራሱ የሚደብቀው፣ የሚዘለው ነገር የለም። እዚያ ክርክር ላይ ኃይለ ቃል አበዛሁ ይላል። ያንን ሰውዬ ከሚገባው በላይ ተናገርኩት፤ ሰውዬው ተቀየመ እንጂ አልታረመም። ከዚያም ለራሱ «ሁለተኛ እንዳይለምድህ፤ ለዛሬው ምሬሃለሁ» ይላል። እንቅልፍ የሚጥመው ከዚህ በኋላ ነው ብሎም ጽፏል።

እውነቱን ለመናገር ይህ ያሳፍረናል። ክርስቶስን የማያውቅ ሰው በየማታው ኅሊናውን ሲፈትሽ፣ እኛ የመኝታውን ጸሎት፣ ጸሎተ ንዋምን፣ ትተን ቪዲዮ ስንገፋ እንቅልፍ ይጥለናል። ስለዚህ ልማዱን ያለ ሐፍረት ውሰዱት። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡና ቀኑን ከጠዋት ጀምራችሁ አስታውሱ። ማንን አናገርኩ? በምን ድምፅ? ለዚህ ብዙ ሰዓት አያስፈልግም።

አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ። ሴኔካ ያን መጽሐፍ የጻፈው ለታላቅ ወንድሙ ለኖዋቱስ ነው። ኖዋቱስ በኋላ በጉዲፈቻ ስሙ ተለውጦ ጋልዮስ ተባለ። አዎ፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ላይ ያለው ጋልዮስ! በ51 እ.ኤ.አ. ገደማ የአካይያ አገረ ገዥ ሳለ አይሁድ ጳውሎስን ከስሰው ቆሮንቶስ ላይ ያቀረቡት እሱ ፊት ነው። (ሴኔካና ጳውሎስ ተጻጻፏቸው የሚባሉት ደብዳቤዎች ግን በኋላ ዘመን የተፈጠሩ ናቸው። ሲዘዋወሩ ካያችሁ አትመኑ።)

ጋልዮስ ክሱን ሰማና የእናንተው ሕግ ጉዳይ ነው፣ ራሳችሁ ተያዩበት ብሎ ከችሎት አስወጣቸው። ፍርዱ ልክ ነው፤ ጳውሎስም ነጻ ወጣ። ቀጥሎ ግን የምኩራቡን አለቃ ሶስቴንስን ያዙና እዚያው በፍርድ ወንበሩ ፊት ደበደቡት። ጋልዮስ ምንም ግድ እንዳልሰጠው ቅዱስ ሉቃስ ጽፏል።

የቁጣ መጽሐፍ የተጻፈለት ሰው ዓይኑ እያየ ሰው ሲደበደብ አልተቆጣም። ሴኔካ ራሱ ይህን አይወድለትም ነበር፤ ዳኛ ሳይቆጣም ቢሆን ጥፋትን መቅጣት አለበት ብሎ ያስተምራልና። በእኛ ዘመን የሚሸጠው «የውስጥ ሰላም» ግን አብዛኛው የጋልዮስ ዓይነት ነው። «ሰላሜን አትንኩብኝ» እንላለን። ችግሩን ያወራል ብለን የዘመድ ስልክ አናነሣም። ጌታችን ግን እጁ የሰለለችው ሰው በምኩራብ ቆሞ ሳለ፣ ሊከሱት የሚጠባበቁትን ሰዎች ስለ ልባቸው ድንዛዜ አዝኖ ዙሪያውን በቁጣ ተመልክቷቸዋል (ማር. 3)። እርጋታ ብቻውን ጽድቅ አይደለም።

ወደ ሴኔካ አልጋ እንመለስ። እዚያ ጨለማ ውስጥ መርማሪው እሱ፣ ተከሳሹ እሱ፣ ዳኛው እሱ፣ ይቅር ባዩም እሱ ነው። መዝገቡ እዚያው ተከፍቶ እዚያው ይዘጋል። ያ የተቀየመው ሰውዬስ? ሴኔካ ለወደፊቱ እጠነቀቃለሁ ይላል፤ ሄጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ ግን አይልም። ነቢዩ ዳዊት በመዝሙር 138 «አቤቱ፥ መረመርኸኝ፥ አወቅኸኝም» ብሎ ይጀምርና መጨረሻ ላይ ራሱ «መርምረኝ» ብሎ ይለምናል። እዚህ መዝገቡን የሚከፍተው ሌላ ነው። እኔ የምዘልለውን እሱ አይዘልልም። ምሕረቱም ከእኔ ስላልመጣ እውነተኛ ምሕረት ነው። «ለምን እኖራለሁ?» ለሚለው ጥያቄ እኔ ያገኘሁት መልስ ከዚህ ይነሣል፦ የሚጠይቀኝ አለ፣ ስለ ባልንጀራዬም ይጠይቀኛል።

ባልንጀራ ስል ሩቅ አትሂዱ። ማድ ቤት ያለችው ሠራተኛችሁ አለች። ሴኔካ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ባሪያዎች ናቸው ለሚሉት «ሰዎች ናቸው» ብሎ መልሷል፤ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ፊልሞና ባሪያውን አናሲሞስን እንደ ተወደደ ወንድም አድርጎ እንዲቀበለው ጠየቀ። ዕዳም ካለበት በእኔ ላይ ቁጠረው አለ። እኛስ? ዐረብ አገር ያለች እህታችን አሠሪዋ በደለቻት ሲባል እናለቅሳለን፣ ልክም ነው። እዚህ ወጥ አረረ ተብሎ የተጮኸባት ልጅ ግን ከዚያው ገጠር፣ ከዚያው ቤት የመጣች ናት።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ስትመረምሩ ይህን ጨምሩበት። በስሟ ጠራኋት ወይስ ቀኑን ሙሉ «አንቺ!» ስል ዋልኩ? ምሳዋን የበላችው ስንት ሰዓት ነው? ደመወዟስ በጊዜው ተሰጣት? ጌታችን መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ያለው እሷንም ይጨምራል (ማቴ. 5)። ለንስሐ አባታችሁ ከመንገራችሁ በፊት ለእሷ ንገሯት። ጠዋት ቁርስ ሳይቀርብ ማድ ቤት ግቡና «ትናንት የተናገርኩሽ ልክ አልነበረም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» በሏት። ልጆች ቢሰሙም ይስሙ። «ኧረ ምንም አይደል» ማለቷ አይቀርም። እናንተ ግን በዚያ አትዝጉት፤ ባለፈው ወር ለተሰበረው ብርጭቆ ከደመወዟ የቆረጣችሁት ካለ መልሱላት።