በረንዳ ላይ ስለምታርፈው ነጠብጣቧ የእሳት እራት ስንት ነገር ነው የሚወራው

ድሬ ሙቀቱ ሲብስ ማታ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ የለም፣ በረንዳ ላይ ሻይ ይዘን ቁጭ እንዳልን አንዲት ትንሽዬ ነጭ ነገር፣ ክንፏ ላይ ቀይና ጥቁር ነጠብጣብ ያላት፣ መጥታ አምፖሉ ጋ ግድግዳው ላይ ለጠፍ አለች። አንዱ ቢራቢሮ ናት አለ፣ ጎረቤታችን ደግሞ እንዳትነካት ዱቄቷ ዓይን ያጠፋል ብላ ጮኸች፣ እኔ ደሞ እንዲህ አይነት ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም አቦ።

ቢራቢሮ አይደለችም፣ የእሳት እራት ናት። ሳይንሳዊ ስሟ ኡቴቴይሳ ፑልቼላ ይባላል፣ ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ በ1758 እ.ኤ.አ. የሰየማት፣ ፑልቼላ በላቲን ቆንጅዬ እንደማለት ነው። ቀንም ስለምትበርና ስለምታምር ነው ሰው የሚሳሳተው። አንቴናዋን እዩት፣ የቢራቢሮ ጫፉ እንደ ክብሪት ራስ ያበጠ ነው፣ የሷ ግን ክር ነው።

ነጠብጣቡ ለውበት ነው የሚሉም አሉ። ኧረ ማስጠንቀቂያ ነው! አባጨጓሬ እያለች እንደ ሄሊዮትሮፕ ያሉ መርዛማ አረሞችን ትበላለች፣ መርዙ እሷን አይጎዳም፣ ሰውነቷ ውስጥ ይቀመጥና ክንፍ ካወጣች በኋላም አብሯት ይኖራል፣ አንዴ የቀመሳት ወፍ ያንን ቀይና ጥቁር ሲያይ ምሬቱ ትዝ ይለዋል። ለዛ ነው በጠራራ ፀሐይ ሳትደበቅ የምትበረው። አሜሪካ ያለችው ዘመዷማ ሸረሪት ድር ላይ ስትያዝ ሸረሪቷ ራሷ ክሩን ቆርጣ ትለቃታለች፣ ወንዱ ደግሞ ሲገናኙ ከራሱ መርዝ ለሴቷ ይሰጣታል፣ እሷም እንቁላሎቿን ትጠብቅበታለች፣ ጥሎሽ በሉት።

የዓይኑ ወሬ ጋ ስንመጣ፣ ያ ዱቄት እንደ ጣሪያ ክዳን ተደራርቦ የተደረደረ ቅርፊት ነው፣ ቀለሟም እሱው ነው። ቢራገፍ ነጠብጣቡ አብሮ ይጠፋል፣ መልሶም አይበቅልም። ዓይን ውስጥ ቢገባ እንደማንኛውም አቧራ ይቆረቁር ይሆናል እንጂ አያሳውርም፣ መርዟም ቢሆን ካልበላሃት ምንም አታደርግህም።

ልብስ ትበላለች ለምትሉ ደግሞ፣ እሱ ብል ነው፣ ሌላ ዘር። እሱም ቢሆን የሚበላው ትሉ ነው፣ ክንፍ ሳያወጣ፣ ያውም ሱፍና ፀጉር ነገር፣ ከታይዋን ገበያ የገዛሽው ሽፎን ሰላም ነው።

የመጨረሻው ስሟ ራሱ ያመጣብን ጣጣ ነው፣ እሳት ትወዳለች ተባለ። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በፈጣን ካሜራ እንዳሳየው ነፍሳቱ ጀርባቸውን ወደ ብርሃን ነው የሚያዞሩት፣ ማታ ከመሬት ይልቅ ሰማዩ ስለሚፈካ ላይና ታቹን የሚለዩት በዛ ነው፣ አምፖል ሲያገኙ ግን ሰማይ መስሏቸው እየተጣመሙ ዙሪያውን ይሽከረከራሉ። ፍቅር ሳይሆን መምታታት ነው በቃ።

መብራቱን አጠፋነው፣ ትንሽ ቆይታ ሄደች። ጎረቤታችን ግን ሁሉንም ሰምታኝ ስታበቃ እጅህን ሳትታጠብ ስኒዬን እንዳትነካ አለችኝ።