ተፋላሚዎቹ ሩሲያና ጃፓን፣ መሬቱ የቻይና

የሩሲያና የጃፓን ጦርነት ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን አንድ የእስያ አገር የአውሮፓን ኃያል መንግሥት ማሸነፏ ነው። ከአድዋ 8 ዓመት በኋላ የተነሳ ጦርነት ነው፤ እንደ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ያሉ የዘመኑ ምሁሮቻችንም ጃፓንን በአርአያነት ያዩአት ነበር። ግን እስቲ ካርታውን አውጥታችሁ እዩት። ትልልቆቹ የየብስ ውጊያዎች የተካሄዱት ሩሲያ ውስጥም ጃፓን ውስጥም አይደለም። ሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ ማንቹሪያ ውስጥ ነው፤ ቻይና መሬት ላይ።

ነገሩ የሚጀምረው ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጃፓን ቻይናን አሸንፋ በማንቹሪያ ደቡብ ያለውን የሊያኦዶንግን ባሕረ ገብ መሬት በውል ወሰደች። ሩሲያ፣ ጀርመንና ፈረንሳይ ተባብረው «ለቻይና መልሺ» አሏት፣ መለሰች። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ግን ሩሲያ ራሷ እዚያው ገብታ ፖርት አርተርን (የዛሬዋን ሊዩሹን) ለ25 ዓመት በሊዝ ያዘች፣ ከሃርቢን እስከ ወደቡ ድረስም የባቡር ሐዲድ ዘረጋች። በ1900 ባዕዳንን የሚቃወመው የቻይናውያን የቦክሰሮች አመፅ ሲነሳ ደግሞ ሐዲዱን ልጠብቅ ብላ ማንቹሪያን በወታደር ሞላችው። ጃፓን ይህን አልረሳችም።

የካቲት 8 ቀን 1904 ሌሊት የጃፓን መርከቦች ፖርት አርተር ላይ የቆመውን የሩሲያ መርከብ ጦር በቶርፒዶ መቱ። ከአራት ቀን በኋላ ቻይናን የሚገዛው የቺንግ ሥርወ መንግሥት ገለልተኛ መሆኑን አወጀ። በጣም የሚያመው እዚህ ላይ ነው። ቤጂንግ ገለልተኛ ነኝ አለ፣ ከሊያኦ ወንዝ በስተምሥራቅ ያለውን የራሱን አገር ግን የጦርነት ቀጠና ብሎ ከለለው። እዚያ የሚኖረው ገበሬ ወዴት ይሂድ? ማንም አልጠየቀውም።

የሊያኦያንግ ውጊያ የተካሄደው ነሐሴ መጨረሻና መስከረም መግቢያ ላይ ነው። ማሽላው (እነሱ ጋኦልያንግ ይሉታል) ከሰው ቁመት በላይ አድጎ አጨዳ የሚጠብቅበት ጊዜ ነው። ማሽላ የሚያበቅል አገር ሰው ይህን ለማየት አይቸገርም። ወታደሮች አገዳው ውስጥ ተደብቀው ይጠጋጋሉ፤ ሩሲያዎቹ ደግሞ ከምሽጋቸው ፊት ያለውን እየቆረጡና እየጣሉ መተኮሻ ሜዳ ያበጃሉ። የሚረገጠው የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ነው።

በየካቲትና መጋቢት 1905 ሙክደን (የዛሬዋ ሼንያንግ) ላይ በሁለቱም ወገን ከ600,000 በላይ ወታደር ተሰለፈ። እስከዚያ ዘመን ከታዩት ግዙፍ ውጊያዎች አንዱ ነው። ሙክደን ተራ ከተማ አይደለችም፤ የቺንግ ነገሥታት የቀድሞ መናገሻ ናት፣ የሥርወ መንግሥቱ መሥራች ኑርሃቺ የተቀበረውም እዚያው ነው። የነገሥታቱ የአያቶቻቸው መቃብር አጠገብ የባዕድ መድፍ ሲያጓራ ልጆቻቸው ቤጂንግ ላይ ገለልተኛ ሆነው ተቀምጠዋል።

ሰላማዊው ሰው በሁለቱም በኩል ይጠረጠር ነበር፤ ሰላይ ነህ የተባለ ይገደላል። በኋላ ታላቅ ደራሲ የሆነው ሉ ሺዩን ያኔ ጃፓን ሴንዳይ ከተማ ሕክምና ይማር ነበር። ክፍል ውስጥ የጦርነቱን ምስል ግድግዳ ላይ በብርሃን እየጣሉ ሲያሳዩአቸው፣ ለሩሲያ ሰልለሃል የተባለ ቻይናዊ ጃፓኖች አንገቱን ሊቀሉት ሲሉ፣ ዙሪያውን ጤነኛ የሆኑ የአገሩ ሰዎች ቆመው ሲመለከቱ እንዳየ ራሱ ጽፏል። ሕክምናውን ትቶ ወደ ጽሑፍ የዞረው ከዚያ በኋላ ነው።

ጦርነቱ ያበቃው መስከረም 1905 አሜሪካ፣ ፖርትስማውዝ ላይ በተፈረመ ውል ነው። አሸማጋዩ ቴዎዶር ሩዝቬልት በዚሁ የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘ። ቻይና ለድርድሩ አልተጠራችም። ፖርት አርተርና የደቡቡ ሐዲድ ከሩሲያ ወደ ጃፓን ተላለፉ፤ ቤጂንግ በታኅሣሥ ተስማምቻለሁ ብላ እንድትፈርም ተደረገ።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ያው ታሪክ ሌላዋ የቻይና ግዛት ሻንዶንግ ላይ ተደገመ። በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ጃፓን ከብሪታንያ ጋር ሆና በጀርመን እጅ የነበረችውን የወደብ ከተማ ቺንግዳኦን ከበበች። ወታደሮቿን ያወረደችው ጀርመን በሊዝ ከያዘችው ክልል ውጭ፣ ሎንግኮው ላይ፣ ማለትም ገለልተኛዋ ቻይና ምድር ላይ ነው። ቺንግ ከወደቀ በኋላ የመጣው የፕሬዚዳንት ዩዋን ሺካይ መንግሥትም እንደ ቺንግ የጦርነት ቀጠና ከለለ። ጀርመኖች ኅዳር 7 እጅ ሰጡ። ቻይና በ1917 ከአሸናፊዎቹ ጎን ተሰልፋ ጦርነቱ ውስጥ ብትገባም፣ በ1919 ቬርሳይ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል ጀርመን በሻንዶንግ የነበራት መብት ለጃፓን ተሰጠ። ቤጂንግ ውስጥ ተማሪዎች ግንቦት 4 ቀን አደባባይ ወጡ፣ የቻይና ልዑካንም ውሉን አንፈርምም አሉ። ቺንግዳኦ የተመለሰችው በ1922 ነው።

ፖርት አርተር ግን ገና ብዙ ጠበቀች። ከጃፓን በ1945 ሶቪየቶች ተቀበሏት፤ የመጨረሻዎቹ ወታደሮቻቸው የወጡት በ1955 ነው። ከከተማዋ በላይ 203 ሜትር የሚባለው ኮረብታ አለ። ጃፓኖች በ1904 ብዙ ሺህ ሰው ገብረው የያዙት ነው፣ የጃፓን ጦር አዛዥ የነበረው የጄኔራል ኖጊ ልጅም እዚያው ሞቷል። ጫፉ ላይ ጃፓኖች ያቆሙት የጥይት ቅርጽ ያለው ሐውልት ዛሬም አለ። የተሠራው ከውጊያው ከተለቀመ የጥይትና የመድፍ ቀለህ ነው።