ሁለት አምፕሊፋየር አብረው ሲያጉረመርሙ የመሬት ሽቦውን አትቁረጡ

አንድ ጊታር ከሁለት አምፕሊፋየሮች ጋር ሲያያዝ የሚሰማው ጉርምርምታ ብዙዎችን ለአደገኛ ምክር እያጋለጠ ነው። «የአንዱን የመሬት ሽቦ፣ ማለትም ኤርዙን፣ አላቀው» ይባላል። ድምፁ በእርግጥ ሊጠፋ ይችላል፤ አብሮት የሚጠፋው ግን ሕይወት የሚያድነው መስመር ነው።

ጉርምርምታው የሚመጣው ሁለቱ መሣሪያዎች ሁለት ጊዜ ስለሚገናኙ ነው፦ በግድግዳው ሶኬት የመሬት ሽቦና በጊታሩ ገመድ መሸፈኛ ሽቦ። በዚህ ቀለበት ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይዞራል። ቀለበቱ መቋረጥ ያለበት በጊታሩ ገመድ በኩል ብቻ ነው።

ለምሳሌ 220 ቮልት የተሸከመ ሽቦ ውስጥ ለውስጥ ተላቆ የአምፕሊፋየሩን ብረት ነካ እንበል። የመሬት ሽቦው ካለ ፊውዙ ይቃጠላል ወይም ብሬከሩ ይወርዳል። ከሌለ ግን ኤሌክትሪኩ በገመዱ አልፎ የጊታሩ ክሮች ላይ ሊደርስ ይችላል። ተጫዋቹ በእጁ ክሩን ይዞ ከንፈሩን ከመሬት ጋር ወደተያያዘው ማይክሮፎን ሲያስጠጋ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ትክክለኛው መፍትሔ የጊታሩን ድምፅ ለሁለት የሚከፍልና በአንዱ መውጫው ላይ ማግለያ ትራንስፎርመር፣ ማለትም ድምፁን ያለ ቀጥታ የሽቦ ግንኙነት የሚያሳልፍ ዕቃ፣ ያለው ሳጥን ነው። ይህ ቀለበቱን ያቋርጣል፤ የመሬት ሽቦውንም አይነካም።

እንደየቦታው የሚለያየው የጉርምርምታው መጠን ነው። አንዳንዴ ሁለቱን በአንድ ሶኬት መሰካት ብቻ ይበቃል። ሁለቱ አብረው ሲጮኹ ወፍራሙ ድምፅ ከሳሳ ደግሞ የሳጥኑን የፌዝ መገልበጫ፣ ማለትም የአንዱን ድምፅ ሞገድ የሚገለብጠውን ማብሪያ፣ ሞክሩ፤ እሱ ከአደጋ ጋር አይገናኝም። ባለሁለት ሽቦ አሮጌ አምፕሊፋየር ያላችሁ ግን ባለሙያ የመሬት ሽቦ ሳያስገባለት ከሌላ ጋር አታያይዙት።